ኢንዶሜትሪዮሲስ፣ የሰውነት መከላከያና የደም ምርመራ፦ ወሎ ውስጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልድያና ከአካባቢያቸው ሴቶችና እናቶቻቸው ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ እንጀምር።

ኢንዶሜትሪዮሲስ ምንድን ነው?

የማህፀን ውስጠኛ ሽፋንን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጭ ሲበቅል ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው እንቁልጢ (እንቁላል የሚያመርተው አካል) ላይ፣ ከማህፀን ጀርባና የሆድ ዕቃን በሚሸፍነው ስስ ገለፈት ላይ ነው። አንዳንዴ አንጀትና የሽንት ፊኛ ላይም ይገኛል። በየወሩ ሆርሞን ሲያዘው ያብጣል፣ ይደማል። ደሙ ግን መውጫ የለውም። እዚያው ቀርቶ አካባቢውን ያስቆጣል። ውሎ አድሮ ጠባሳ ይሠራል፣ አካላትን እርስ በርስ ያጣብቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉ አለባቸው። በዓለም ደረጃ 190 ሚሊዮን ገደማ መሆናቸው ነው። ስለዚህ የፈረንጅ በሽታ አይደለም። እኛ ጋ ስሙ ስላልተለመደ ብቻ የሌለ ይመስላል።

የወር አበባ ሕመም ሁሉ ኢንዶሜትሪዮሲስ ነው እንዴ?

አይደለም። የመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን ቁርጠት ብዙ ሴት ላይ አለ። ጥርጣሬ የሚገባው ሕመሙ ከትምህርት ቤት ወይም ከሥራ ሲያስቀር፣ ከወር አበባው ቀናት ቀድሞ ሲጀምርና አልፎ ሲቆይ፣ በየዓመቱ እየባሰ ሲሄድ ነው። ሽንት ቤት ስትቀመጪ የሚወጋ ሕመም፣ በግንኙነት ጊዜ ከውስጥ የሚሰማ ሕመም፣ ቶሎ አለማርገዝም ምልክቶች ናቸው። እነዚህ ሦስቱ ደግሞ አፍ አውጥቶ ለመናገር የሚያሳፍሩ ስለሆኑ ካርድ ላይ ሳይጻፉ ይቀራሉ።

«ብርድ ገብቷት ነው»፣ «ስታገቢና ስትወልጂ ይለቅሻል» የሚለው ምክር የብዙ ልጃገረዶችን ዓመታት በልቷል። በዓለም ደረጃ በሽታው እስኪታወቅ ከ4 እስከ 12 ዓመት ይፈጃል ይባላል። እናት «እኔም እንዲሁ ነበርኩ ልጄ» ስትል ለማጽናናት ነው። ሐኪም ጆሮ ሲደርስ ግን ትልቅ መረጃ ነው፤ በሽታው ቤተሰብ ውስጥ ይሄዳል። እናቷ ወይም እህቷ ያለባት ሴት የመያዝ ዕድሏ ከሌላው ይበልጣል።

ሐኪሙ «ማህፀንሽ አካባቢ ተቆጥቷል» አለኝ። ኢንፌክሽን ማለት ነው?

የግድ አይደለም። መቆጣት ማለት ሰውነት ላልተስማማው ነገር የሚሰጠው ምላሽ ነው። ያልተስማማው ነገር ጀርም ሊሆን ይችላል። ጉዳትም ሊሆን ይችላል። በኢንዶሜትሪዮሲስ ጊዜ ደግሞ ያለቦታው የበቀለው የራስሽ ሕብረ ሕዋስ ነው። ጀርም ከሌለ አንቲባዮቲክ የሚገድለው ነገር የለውም።

እዚህ ላይ በየከተማው የሚደጋገም ታሪክ አለ። ልጅቷ በወር አበባዋ ሰሞን ታማ ክሊኒክ ትሄዳለች። «የማህፀን ኢንፌክሽን» ይባልና ዶክሲሳይክሊንና ሜትሮኒዳዞል ይታዘዝላታል። በሳምንቱ ይሻላታል። መድኃኒቱ ሠራ ይባላል። የተሻላት ግን የወር አበባው ስላለፈ ነው። በሚቀጥለው ወር ይመለሳል፣ ሌላ ኮርስ ይጀመራል። እውነተኛ የማህፀን ኢንፌክሽንም አለ፣ አይናቅም። ትኩሳትና መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካለ ቶሎ መታከም አለበት። ነገር ግን ሁለት ሦስት ጊዜ አንቲባዮቲክ ወስደሽ ሕመሙ በወር አበባሽ ቀን እየቆጠረ ከተመለሰ፣ ሌላ ነገር እንዲታሰብ ጠይቂ።

የሰውነት መከላከያ እዚህ ውስጥ ምን አገባው?

ብዙ አገባው። የነገሩ እምብርት እዚህ ነው ማለት ይቻላል። አሜሪካዊው የማህፀን ሐኪም ጆን ሳምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1927 አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ የወር አበባ ደም ወደ ውጭ ብቻ አይፈስም፣ ከፊሉ በማህፀን ቱቦዎች በኩል ወደ ኋላ ወደ ሆድ ዕቃ ይገባል። በኋላ እንደታየው ይህ እስከ 90 በመቶ የሚሆኑ ሴቶች ላይ ይከሰታል። በሽታው የሚይዘው ግን 10 በመቶውን ነው። ታዲያ የቀሩትን ምን አዳናቸው? ከመልሶቹ አንዱ የመከላከያ ሴሎች ሥራ ነው።

በተለመደው ሁኔታ ማክሮፋጅ የሚባሉት ሴሎች የገባውን ቁርጥራጭ ይበላሉ፣ ያጸዳሉ። «ተፈጥሯዊ ገዳይ» የሚባሉት ሴሎች ደግሞ ያለቦታው የተገኘውን ያጠፋሉ። ኢንዶሜትሪዮሲስ ባለባቸው ሴቶች ሆድ ዕቃ ፈሳሽ ውስጥ ግን ገዳዮቹ ጉልበታቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ማክሮፋጆቹ በቁጥር በዝተዋል፤ ማጽዳቱን ትተው የማሳደጉን ሥራ ያግዛሉ። ኢንተርሉኪን 6፣ ኢንተርሉኪን 8፣ ኢንተርሉኪን 1 ቤታ፣ ቲኤንኤፍ አልፋ የሚባሉ ኬሚካላዊ መልእክተኞችን ይለቃሉ። የላቦራቶሪ ጥናቶች «የመቆጣት ጠቋሚዎች» የሚሏቸው እነዚህን ነው። ከእነሱ ጋር አዳዲስ የደም ሥርና አዳዲስ የነርቭ ጫፍ እንዲበቅል የሚያደርጉ ንጥረ ነገሮችም ይመጣሉ። የደም ሥሩ ሕብረ ሕዋሱን ይመግባል፣ ነርቩ ደግሞ ሕመሙን ያደርሳል።

ከዚያ አዙሪቱ ይጀምራል። የተቆጣው ቦታ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ያመርታል። ፕሮስታግላንዲኑ እዚያው ኢስትሮጅን እንዲመረት ያነሳሳል። ኢስትሮጅኑ ሕብረ ሕዋሱን ያሳድጋል፣ መልሶም ተጨማሪ ፕሮስታግላንዲን እንዲመረት ያደርጋል። ሕክምናው ለምን በሁለት በኩል እንደሚሄድ የሚገባን እዚህ ላይ ነው፦ አንዱ ፕሮስታግላንዲኑን ይይዛል፣ ሌላው ሆርሞኑን።

ታዲያ መከላከያዬ ደክሟል ማለት ነው? ከኤችአይቪ ጋር ይገናኛል?

አይገናኝም። ኤችአይቪ የሚያጠቃው ሲዲ4 የሚባሉትን ሴሎች ነው፣ ያ ሌላ ታሪክ ነው። እዚህ ያለው ችግር መከላከያው አንድ አካባቢ ላይ ሥራውን በትክክል አለመሥራቱ ነው። ኢንዶሜትሪዮሲስ አይተላለፍም፤ ለባልም ለልጅም አይጋባም።

በደም ምርመራ ይታወቃል?

እስካሁን አይታወቅም። የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ በሽታውን ለመለየት በደምም ሆነ በሌላ ፈሳሽ ውስጥ የሚገኝ ጠቋሚን አትጠቀሙ ይላል። ከላይ የጠቀስናቸው ኢንተርሉኪኖች ብዙ ተጠንተዋል። ነገር ግን በጤነኛና በታማሚ መካከል ያለው ልዩነት ጎልቶ የሚታየው በሆድ ዕቃ ፈሳሽ ውስጥ ነው። ክንድ ላይ በሚቀዳ ደም ውስጥ ቁጥሮቹ ይደበላለቃሉ። ፈረንሳይ ውስጥ በምራቅ የሚሠራ አዲስ ምርመራ መጥቷል። እኛ ጋ እስኪደርስ ግን የሚጠበቅ ነገር አይደለም።

የሚጠቅመው ታሪክሽን መናገር፣ የሐኪም ምርመራና አልትራሳውንድ ነው። አልትራሳውንድ እንቁልጢ ላይ ያለውን በአሮጌ ደም የተሞላ ከረጢት (ሲስት) ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ገለፈቱ ላይ የተበተኑትን ትንንሾቹን ግን አያይም። ስለዚህ «አልትራሳውንድሽ ንጹህ ነው» ማለት «የለብሽም» ማለት አይደለም። ላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ ማየት፣ ዱሮ ግዴታ ነበር። አሁን ሐኪሙ ምልክቶቹን አይቶ ሕክምና መጀመር ይችላል። መነሻው ጤና ጣቢያ ነው። ከዚያ በሪፈር ወደ ሆስፒታል፣ የማህፀን ስፔሻሊስት ወዳለበት ወደ ደሴ ወይም ወደ ወልድያ ይኬዳል። የጤና መድን ካለሽ ሪፈሩን ሳትይዢ አትነሺ።

ኢኤስአር ከፍ ብሏል ተባልኩ። ታይፎይድ ነው አሉኝ፣ ሌላው ደግሞ ኢንዶሜትሪዮሲስ ሊሆን ይችላል አለ። ማንን ልመን?

የላቦራቶሪ ሰው ነኝና በዚህ ላይ ትንሽ ልንዛዛ። ኢኤስአር በጣም ቀላል ምርመራ ነው። ደሙ ቀጭን ቱቦ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከ1 ሰዓት በኋላ ቀይ የደም ሴሎቹ ስንት ሚሊ ሜትር እንደወረዱ ይነበባል። ከ50 ዓመት በታች ላለች ሴት እስከ 20 ድረስ እንደ ጤናማ ይወሰዳል። ቲቢ ከፍ ያደርገዋል። የመገጣጠሚያ በሽታ፣ የኩላሊት በሽታ፣ እርግዝናም ከፍ ያደርጉታል። ስም የለውም፣ «አንድ ነገር አለ» ብቻ ነው የሚለው። አንዳንዴም ምንም ሳይኖር ይላል።

አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ፤ የደም ማነስም ኢኤስአርን ከፍ ያደርጋል። ቀይ ሴሎቹ ሲያንሱ ቶሎ ይሰምጣሉ። የወር አበባዋ የሚበዛ ሴት ደግሞ የደም ማነስ ቢኖርባት አይገርምም። ስለዚህ ኢኤስአር 40 ሲሆን መጀመሪያ መታየት ያለበት ሄሞግሎቢኗ ነው። ቁጥሩን ያሳደገው መቆጣቱ ላይሆን ይችላል። ብረት የያዘ እንክብል ጀምራ ሄሞግሎቢኗ ሲስተካከል ኢኤስአሩም አብሮ ሊወርድ ይችላል።

ታይፎይዱን በተመለከተ፣ አንድ ጊዜ የተሠራ የዊዳል ምርመራ (ታይፎይድን በደም የሚፈልገው) ብቻውን ታይፎይድን አያረጋግጥም። ከዚህ በፊት የያዘሽ ወይም ሌላ ተቀራራቢ ጀርም ያለፈብሽ ከሆነም ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። ታይፎይድ ትኩሳት አለው፣ ቀን ቆጥሮም በየ28 ቀኑ አይመጣም። ወረቀቱን ከማመን ካላንደሩን ማመን ይሻላል።

ሲቢሲም (የደም ሴሎች ቆጠራ) ሲአርፒም (የመቆጣት ምርመራ) ጤናማ ነው፣ «ምንም የለብሽም» ተባልኩ። ሕመሙ ታዲያ ከየት መጣ?

ከሆድሽ። በአመድ የተዳፈነ ፍም ከውጭ አይታይም፣ እጁን የከተተ ነው የሚያውቀው። በኢንዶሜትሪዮሲስ መቆጣቱ ያለው እዚያው ከእምብርት በታች ነው። ሲአርፒ ግን ጉበት የሚያመርተው ነው። ጉበት ብዙ የሚያመርተው የመቆጣቱ መልእክት በደም በኩል በርከት ብሎ ሲደርሰው ነው። በትንንሽ ቦታ የተወሰነ መቆጣት ያን ያህል ላይደርስ ይችላል። አንዳንድ ጥናት በአማካይ ጥቂት ከፍ ብሎ አግኝቶታል። ያ ግን ለአንቺ ለአንዷ የሚነግርሽ ነገር የለም።

የሕመሙ መጠንም ከበሽታው ስፋት ጋር እኩል አይሄድም። ትንሽ ነጠብጣብ ያላት ሴት ወለል ላይ ስትንከባለል፣ ትልቅ ሲስት ያላት ሌላዋ ምንም ሳይሰማት መውለድ እምቢ ብሏት ስትመረመር ነው የሚገኝባት። ስለዚህ «ምንም የለብሽም» ስትባዪ «ወረቀቱ ላይ ምንም የለም» ብለሽ ስሚው። ቀጥሎ ስትሄጂ የሦስት ወር ማስታወሻ ይዘሽ ሂጂ። መቼ ጀመረ፣ መቼ ለቀቀ፣ ሽንት ቤት ስትሄጂ ነበር ወይ፣ ስንት ቀን ከሥራ ቀረሽ የሚለውን ጻፊ። በሐበሻ አቆጣጠርም ቢሆን ችግር የለውም።

አይቡፕሮፌን ይሠራል? በጾም ጊዜስ እንዴት ላድርግ?

አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና ዘመዶቻቸው ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት ያደርጋሉ። ስለዚህ ሕመሙ ጣራ ሲነካ ከመዋጥ ገና ሲጀምር መውሰድ ይሻላል። ሕመሙ አንዴ ከተነሳ በኋላ መድኃኒቱ የሚይዘው በችግር ነው። በሽታውን ግን አያጠፉም። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር ወይም አስም ካለብሽ ሳትጠይቂ አትውሰጂ። ትራማዶል እየገዙ መልመድ ሌላ ጣጣ ነው፤ አይመከርም።

በባዶ ሆድ ጨጓራን ይልጣል። እዚህ ላይ የወሎ ሴት ሁለት ዓይነት ጥያቄ አላት። ሙስሊሟ በረመዳን የወር አበባ ላይ ከሆነች ስለማትጾም በልታ ትዋጥ፤ ቀዷውን በኋላ ታወጣለች። ክርስቲያኗ በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ስትቆይ ነው የሚከብዳት። ብዙ ጊዜ የማየው ጠዋት በቡና ብቻ የዋጠችውን ነው። የንስሐ አባትሽን አነጋግሪ፤ ለታመመ ሰው ማቅለል የተለመደ ነው። የሞቀ ውሃ በጠርሙስ ሞልቶ ሆድ ላይ ማድረግም ያስታግሳል። ለዚያ ፈቃድ አያስፈልግም።

ላላገባች ልጄ የወሊድ መከላከያ አዘዙላት። እንዴት ነው ነገሩ? መሃን አያደርጋትም?

አያደርጋትም። እዚህ ላይ የታዘዘው ለመድኃኒትነት ነው። እንክብሉ፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበረው፣ ማህፀን ውስጥ የሚገባው ሆርሞን ያለው ሉፕና የሦስት ወር መርፌው ኢስትሮጅኑን ያረጋጋሉ፣ መቆጣቱንም ያበርዳሉ። ከላይ ያየነውን አዙሪት የሚሰብሩት እነሱ ናቸው። ሲቋረጡ ማርገዝ ይቻላል። ከሦስት ወር መርፌ በኋላ ብቻ ለመመለስ ጥቂት ወራት ሊቆይ ይችላል። መርፌው አጥንትንም ስለሚያሳሳ ለታዳጊ ልጅ ሌላ አማራጭ ካለ ይጠየቅ። ደም ግፊት፣ የደም መርጋት ወይም ዓይን የሚያጭበረብር ከባድ ራስ ምታት ያለባት ሴት ለሐኪሙ ሳትናገር ጥምሩን (ኢስትሮጅንም ያለበትን) እንክብል አትጀምር።

አብዛኞቹ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይገኛሉ። «ሰው ምን ይላል» የሚለው ስጋት ይገባኛል፤ ትንሽ ከተማ ውስጥ ፋርማሲስቱም ጎረቤት ነው። ግን ልጅቷ በየወሩ አራት ቀን ከትምህርት ስትቀርም ሰው ያያል።

ለመቆጣቱ ዴክሳ ቢወጉኝስ? ወይስ በምግብና በባህል መድኃኒት ይታከማል?

ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን መቆጣትን ይቀንሳሉ። ለኢንዶሜትሪዮሲስ ግን ሕክምና አይደሉም። ለወራት ቢወሰዱ ስኳርና ግፊት ከፍ ያደርጋሉ፣ አጥንትም ያሳሳሉ። ቲኤንኤፍ አልፋን ለይቶ የሚያግድ ውድ መድኃኒትም በአነስተኛ ሙከራ ታይቶ ሕመሙን ምንም ከሌለበት ማስመሰያ መድኃኒት በተሻለ አላስታገሰም። አንድ መልእክተኛ ብቻ ዝም ቢል ሌሎቹ ይቀጥላሉ መሰለኝ።

ተልባ፣ ጎመን፣ ምስር፣ የሐይቅ ዓሣ ጥሩ ምግብ ናቸው፤ ብዪ። ሕብረ ሕዋሱን ያጠፋሉ የሚል ማስረጃ ግን የለም። ጤና አዳም ቡና ላይ ጣል ማድረግ ምንም አይል። ሥሩን ቅጠሉን ቀቅሎ በብርጭቆ መጠጣት ግን ሌላ ነው፣ በተለይ እርግዝና ሊኖር የሚችል ከሆነ። ሆድን የሚያሽ ወጌሻ ጋ አትሂጂ፤ ሲስት ካለ ሊፈነዳ ይችላል። ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል፣ መድኃኒቱ አብሮ ይሂድ።

ልጅ መውለድ እችላለሁ?

ብዙዎቹ ይወልዳሉ። ከታማሚዎቹ ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑት ለማርገዝ ሊቸገሩ ይችላሉ። ጠባሳው ቱቦና እንቁልጢን ያጣብቃል። ቱቦው ክፍት ቢሆንም የተቆጣው ፈሳሽ እንቁላሉንና የወንዱን ዘር ያውካል። የሆርሞን ሕክምና ሕመም ያስታግሳል እንጂ ማርገዝን አያፋጥንም፤ ለማርገዝ የምትፈልግ ሴት ይህን አስቀድማ ለሐኪሙ ትንገር። አይቡፕሮፌንን በወሩ አጋማሽ ላይ ማዘውተርም እንቁላል እንዳይወጣ ሊያደርግ ይችላል።

ባልም ይመርመር። የዘር ምርመራ ርካሽና ቀላል ነው። እኛ ጋ ግን ሴቲቱ ሦስት ከተማ ዞራ ካለቀች በኋላ ነው የሚታሰበው። ከዚያ በላይ ለሚያስፈልጋት አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመንግሥት የመሃንነት ሕክምና ማዕከል አለ።

ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት በሽታ ነው?

በዚያ ምድብ አልተመደበም። ነገር ግን እንደ ሉፐስና የሩማቶይድ የመገጣጠሚያ በሽታ ያሉት ኢንዶሜትሪዮሲስ ባለባቸው ሴቶች ላይ በመጠኑ ይበዛሉ። አንዱ ሌላውን ያመጣ እንደሆነ አልተረጋገጠም። ጠዋት ጠዋት ጣት የሚተሳሰርብሽ ከሆነ ወይም ፊትሽ ላይ ፀሐይ ሲነካው የሚብስ ሽፍታ ካለ ተናገሪ። ከሌለ ለእነዚህ ውድ ምርመራ ማስደረግ ገንዘብ መጣል ነው።

ሲኤ 125 ተመርምሬ 80 ሆነ። ካንሰር ነው?

ይህ ቁጥር ብዙ ሰው እንቅልፍ ያሳጣል። ሲኤ 125 በደም ውስጥ የሚለካ ፕሮቲን ነው፤ የተለመደው ጣሪያው 35 ነው። የእንቁልጢ ካንሰር ከፍ ያደርገዋል፣ ኢንዶሜትሪዮሲስም ያደርገዋል። የማህፀን እጢ፣ የጉበት ጠባሳ፣ እርግዝና፣ ራሱ የወር አበባ ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ። በሌላ በኩል ኢንዶሜትሪዮሲስ ካለባቸው ሴቶች ግማሽ ያህሉን ያመልጣል። ስለዚህ ከፍ ማለቱ በሽታውን አያረጋግጥም፣ ጤናማ መሆኑም ነፃ አያወጣም። በወር አበባሽ ሰሞን ደም ሰጥተሽ ከሆነ ቀኑን ለሐኪሙ ንገሪ። ኢንዶሜትሪዮሲስ የእንቁልጢ ካንሰርን ዕድል በጥቂቱ ከፍ ያደርጋል፣ ግን ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ አይደርስባቸውም።

እኛ ሀገር ሌላ የሚረሳ ነገር አለ፤ የሆድ ዕቃ ቲቢ። ሲኤ 125ን በመቶዎች ሊያደርሰው ይችላል፣ ኢኤስአርንም ያንራል። ከእምብርት በታች ሕመም፣ አለማርገዝ፣ አልትራሳውንድ ላይ እብጠት ያሳያል። ከውጭ ሲታይ ኢንዶሜትሪዮሲስም ካንሰርም ይመስላል። ክብደት መቀነስ፣ ማታ ማታ ላብ፣ የማይለቅ ትኩሳት፣ ሆድ ውስጥ ውሃ መያዝ፣ ወይም ቤት ውስጥ ቲቢ የታከመ ሰው ካለ ሳትጠየቂ ተናገሪ። ሐኪሙ ከፈሳሹ ወይም ከሥጋው ናሙና ወስዶ ጂን ኤክስፐርት (የቲቢን ጀርም የሚፈልግ ምርመራ) እና ፓቶሎጂ (ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ማየት) ሊያዝ ይችላል። ቲቢ ከሆነ በመድኃኒት ይድናል፤ መድኃኒቱም በነፃ ነው።